የቀበቶው ክርክርና የቆሙት ሽማግሌዎች

ሚስት ለማግባት የተነሳ ሰው የሚፈራው ነገር አያጣም። አንዱ የልጅቷን ወንድሞች ይፈራል፤ ሌላው ድግሱን ይፈራል። እኔ የፈራሁት በቁምጣ የሚደባደቡ ሁለት ግዙፍ ፈረንጆችን ነበር። ሰዎቹ አያውቁኝም፤ ቢያውቁኝም የሚቀየሙብኝ ነገር አልነበራቸውም። ሆኖም ትዳሬ እነሱ እጅ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደወደቀ ከሥሩ ላውጋችሁና ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። አንድ ጊዜ ተፈርዶብኛል፤ ሁለተኛው ብዙም አያስደነግጠኝም።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ከእኔና ከማሞቂያዬ ሌላ ምንም በማትይዝ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እሰጥ ነበር። የምኖረው ሪጀንት ፓርክ ነው። ላገባት የፈለግኳት ሰናይት ደግሞ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የቅዳሜ ሺፍት አያልፋትም። ቅጠል በሚረግፍበት ወር ላይ አባቷን አቶ መኩሪያን ከአገር ቤት አስመጣቻቸው።

አቶ መኩሪያ ሃያ ስድስት ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የገዛ አጎታቸውን ልጅ በሐሰት መስክሯል ብለው ስድስት ወር አስረውታል ይባላል። ሰውየው ሲፈታ በግ አርደው ተቀብለውታል፤ ይቅርታ ግን አልጠየቁትም። ሰናይት ይህን የነገረችኝ ገና ስንተዋወቅ ነው። እኔም ሰምቼ፣ ስቄ፣ ረሳሁት።

የልጃቸው ወዳጅ መሆኔን ያውቃሉ። እንደሚያውቁም አውቃለሁ። ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ ግን እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፤ ደንባችን ይኸው ነው። እስከዚያው እኔ “ያ ዕቃ የሚያመጣው ልጅ” ነኝ።

አንድ ቀን ሰናይት፣ አባባ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻቸውን በመስኮት ሲያዩ ነው የሚውሉት፣ ሄደህ አጫውታቸው አለችኝ። ሄድኩ። የአያቴን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የአያታቸውን ስም ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ ፈጀ። የቀረውን አምስት ሰዓት ምን እንደማደርገው ጨንቆኝ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ሁለት ሰዎች በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ ይደባደባሉ። አንዱ ራሰ በራ ነው፤ ሌላው ጠጉሩን እስከ ወገቡ አሳድጓል።

አቶ መኩሪያ ትንሽ አዩና “ምን አጣላቸው?” አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ሰው ሲደባደብ ባየ ጊዜ ፈረንጅ ማን እያሸነፈ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ምን አጣላቸው ይላል። ምንም አላጣላቸውም፣ ሥራቸው ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍም ቀድሞ ተነጋግረውበት ነው የሚገቡት ብዬ እውነቱን ብናገር ኖሮ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ እንደገና አያት ቆጠራ ልንገባ ነበር። ስለዚህ፣

“በቀበቶ ነው” አልኳቸው፤ አሸናፊው የሚታጠቀውን ማለቴ ነው።

“የማን ቀበቶ?”

“ክርክሩ እሱ ላይ ነው።”

አቶ መኩሪያ ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። የመዝገብ ቁጥር አንድ፦ የቀበቶ ይገባኛል ክርክር፤ ከሳሽ ራሰ በራው፣ ተከሳሽ ጠጉራሙ። የእኔ ስምም አለበት፤ “አስተርጓሚ” ተብሎ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ካናዳ ከገባሁ ጀምሮ ስሜ ከቲኬት ጋር ካልሆነ በቀር የትም ተጽፎ አያውቅም።

ችግሩ ተከራካሪዎቹ የሚናገሩት ነገር ነው። ራሰ በራው ማይክሮፎን ይይዝና የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮሃል። የሚለው ሁሉ ሲጠቃለል “እሰባብርሃለሁ” ነው። ይህን ለአንድ ጡረተኛ ዳኛ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? “ይህ ቀበቶ በላቤ ያፈራሁት እንጂ ተለምኖ የተሰጠኝ አይደለም፤ አባቴም በድንበር ክርክር መሬቱን ሲቀሙት ያየሁ ልጅ ነኝና ዳግም አልቀማም ይላል” አልኩ። ዳኛው ጽፈው ሲጨርሱ፣ ሰውየው አባቱን ባያነሳ ይሻለው ነበር፣ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም አሉ። ቢሆንም ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቁመኝ። ለጠጉራሙ የእንጀራ እናት ሰጠሁት። አንድ ጭንብል የሚያጠልቅ አጭር ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ተማምሎ ፊቱን ላለማሳየት ስለት የገባ ነው አልኩ። የሆዴን እያወጣሁ ስተረጉም ሰዓቱ አይታወቀኝም ነበር። በመስታወት ቤቴ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የማስበው የቅዳሜውን ነገር ሆነ።

ዳኛውን ያንገበገባቸው ግን የመድረኩ ዳኛ ነው። ጥፋቱ የሚፈጸመው ሁልጊዜ እሱ ጀርባውን ሲያዞር መሆኑን በሁለተኛው ቅዳሜ ደረሱበት። በአምስተኛው ላይ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጽፈው፣ ተርጉመህ ለበላይ አለቃው ላክ አሉኝ። እሺ ብዬ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በየሳምንቱ መልስ አልመጣም ወይ ይሉኛል። ሲብስብኝ፣ አቤቱታዎ ደርሶናል፣ በመጣራት ላይ ነው የሚል መልስ ራሴ ጽፌ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ብዬ ሰጠኋቸው። የመከራዬ ብዛት፣ በዚያው ቅዳሜ የመድረኩ ዳኛ ሌላ ሰው ሆኖ ቀረበ። አቶ መኩሪያ ተነስተው ክራባት አስረው ተመለሱና ተቀመጡ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ያለ ክራባት አልተቀመጡም።

ሰናይት ደብዳቤውን አይታ ማታ ደወለችልኝ። አባቷ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይታ እንደማታውቅ፣ ግን ነገሩ እንደሚያስፈራት ነገረችኝ። “አሁን ደግሞ ዶክዩመንት ጨመርክበት? ሲሪየስሊ? አባባ ሳይመርቁን እንደማላገባህ ታውቃለህ። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ንገራቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት አልቆልናል” አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ልነግራቸውም ነበር። ግን በየቅዳሜው ክራባታቸውን አስረው ሲጠብቁኝ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ።

እንግዲህ የዓመቱ ትልቁ ትርኢት ደረሰ። ትግል የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የተንከባለለ ጠብ ሁሉ የሚቋጨው በዚያ አንድ ቀን ነው፤ በነጻም አይታይም፣ ለኬብሉ ኩባንያ ደውሎ ኦርደር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለዳኛው ሳስረዳቸው “ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነዋ” አሉ። ነው አልኩና ኦርደር አደረግሁ። በሁዳዴ ጾም፣ እሑድ፣ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት።

ሽማግሌዎቼም ቀጠሮ የተሰጣቸው ለዚያው እሑድ ነው። አቶ መኩሪያ በስምንት ሰዓት ኑ፣ በዐሥር ሰዓት ችሎት አለኝ ብለዋቸዋል። ዋና ተናጋሪው ጋሽ ለማ ናቸው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ዐሥር ዓመት ታክሲ የነዱ፣ የማያውቁት መንገድም ነገርም የሌለ ሰው። ሁለተኛው ሻምበል ናቸው፤ ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ሦስተኛው አቶ ፍስሐ፣ ፎቶ ሲነሱ ፈገግ በሉ ቢባሉ፣ ሳያስቀኝ መሳቅ ውሸት ነው የሚሉ ናቸው። እውነተኛ ሰው ናቸው ተብሎ ተመስክሮላቸው ነው የመረጥኳቸው።

እንደ ደንቡ እኔ በዚያ ቀን ከዚያ ሰፈር መራቅ አለብኝ። ግን አስተርጓሚ ነኝ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ይወጣሉ፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ ብዬ አሰላሁ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አንኳኳሁ። አቶ መኩሪያ ክራባታቸውን አስረው በሩን ከፈቱልኝ። ሽማግሌ የሚባል ነገር ድርሽ አላለም። ሰናይት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ እኔም በዓይኔ አላውቅም አልኳት።

ልክ ዐሥር ሰዓት ሊል ሲል መጡ። የስምንት ሰዓት ቀጠሮ ለጋሽ ለማ ከቤት የሚነሱበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ኤሌቬተር ተበላሽቶ አሥራ አራቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት። ሦስቱም በሱፍ ላይ ነጠላ ደርበዋል። ላባቸው ይንጠባጠባል። ጋሽ ለማ ከልጅቷ አባት ጎን ሶፋ ላይ ተደላድዬ አዩኝና፣ እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

“ተቀመጡ” አሉ ዳኛው።

“የመጣንበትን ሳይሰሙን፣ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ለማ፣ እንደ ደንቡ።

“ቀጠሯችሁ በስምንት ሰዓት ነበር። በሰዓቱ ያልቀረበ ባለጉዳይ ተራውን ይጠብቃል። ተቀምጣችሁ ጠብቁ።”

“አንቀመጥም።”

“እንግዲያው ቆማችሁ ጠብቁ” አሉና ደብተራቸውን ገለጡ።

ትርኢቱ የሦስት ሰዓት ነው። ይህን ከክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ሰዓት መጥፎ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆመዋል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አስተረጉማለሁ። ጭንብል ያጠለቀው ሰው ወጥቶ ጮኸ፤ እኔ ስለ ስለቱ አወራሁ። ከኋላዬ ጋሽ ለማ ሳሉ። ሰዎቹ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ሁሉ ይሰማሉና። ጠጉራሙ ወጣ፤ የእንጀራ እናቱ ክፉኛ መታመሟን ተናገርኩለት። ጋሽ ለማ ደግመው ሳሉ። ዳኛው ዞር ሳይሉ፣ ሰናይት ለእኚህ ሰው ማር በሻይ አድርጊላቸው አሉ። ጋሽ ለማ ሻዩን ቆመው ጠጡ።

በሁለተኛው ሰዓት ሻምበል ከጎናቸው የቆመውን የማቀዝቀዣ እጀታ ያዙ። በሩ እየተከፈተ ሲያስቸግራቸው በትከሻቸው ተደገፉት። በውስጤ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ እላለሁ። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ከተቀመጡ ጥያቄያችን ቀረ ማለት ነው። ሦስት ሰዎች ለእኔ ሲሉ የሰው ቤት ውስጥ ቆመው ሲውሉ እኔ ድብድብ እያስተረጎምኩ መቀመጤ፣ እግዜር ያውቃል፣ አሳፈረኝ።

ምሽት ላይ ዋናው ክርክር ቀረበ። ራሰ በራውና ጠጉራሙ ሃያ ደቂቃ ተናነቁ። ድንገት የመድረኩ ዳኛ በስህተት ተመትቶ ተዘረረ። ጠጉራሙ ወደ ታች ወርዶ አንድ የብረት ወንበር አጥፎ አመጣና፣ ማንም ፈራጅ ሳያየው፣ የራሰ በራውን ወገብ አቀመሰው።

አቶ መኩሪያ ብድግ አሉ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር፤ ደስታ ነው። እስከ ዛሬ ያላገኙት ነገር ምስክር ነበር። ዞር ሲሉ ሦስት የተከበሩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል።

አንድ በአንድ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ጻፉ፤ እጅ አስነሥተው አስማሉ። ጋሽ ለማ ያለ ማመንታት፣ በወንበር ሲመታው አይቻለሁ አሉ። ሻምበል ቃላቸውን ተቀምጠው መስጠት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ፤ ጋሽ ለማ በክርናቸው ጎሰሟቸው፣ ቆመው መሰከሩ። አቶ ፍስሐ እጃቸውን አንስተው ማሉ።

“መምታቱን አይቻለሁ። ግን ምያለሁና፣ ወሩም ጾም ነውና፣ ሁሉን ልናገር። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ተጽፎላቸው ነው የሚገቡት። ልጄ ነግሮኛል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።”

አቶ መኩሪያ ድምፁን ቀንስ አሉኝ። ቀነስኩ። ከዚያ በኋላ ቀበቶውን ማን እንደወሰደ ማናችንም አላየንም።

“አንተ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው ቅዳሜ።”

“ደብዳቤውስ?”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “በወንበር የተመታው ሰውዬ፣ ያመዋል?” አሉኝ።

“ያመዋል፤ መታመሙ እውነት ነው። የተጻፈው ውጤቱ ብቻ ነው።”

“የዳኝነት ወንበሬን ለምን እንደተውኩ ሰናይት ነግራህ ይሆናል።”

አልነገረችኝም ነበር።

“በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍርዱ ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ ነበር የሚመጣልኝ። የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። የተፈረደባቸው ሰዎች ግን መታመማቸው እውነት ነበር። ከዚያ ችሎት በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ። አንተ እዚህ ድረስ ተከትለህ፣ ክራባት አስረህ መልሰህ እዚያው አስቀመጥከኝ።”

ክራባቱን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው ብዬ ልከራከር እችል ነበር፤ ግን እውነታቸውን ነው። ሰናይት ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ጋሽ ለማ ይህን ዝምታ፣ ተራችን ደረሰ ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ሁለት ሳምንት ያጠኑትን ንግግር ከሥር ከመሠረቱ ጀመሩ፤ ማቋረጥም አልቻሉበትም። “ጨዋ፣ ሠራተኛ፣ ውሸት የሚባል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ አለን” አሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

አቶ መኩሪያ እስኪጨርሱ አዳመጡ። ከዚያ ደብተሩን ገልጠው የመዝገብ ቁጥር ሃያ አራት ከፈቱ። ተከሳሹ እኔ ነኝ። ቀጠሮ ሦስት ወር። እስከዚያው በየቅዳሜው እየመጣሁ አስተረጉማለሁ፤ የሚሉትን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ጋሽ ለማ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ቀጠሮም መልስ ነው አሏቸው። ሻምበል ያን ጊዜ ተቀምጠው ነበር።

ሦስቱ ወራት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ራሰ በራው ይጮሃል፤ “ምን ይላል?” ይሉኛል። “እሰባብርሃለሁ ይላል።” “ሌላስ?” “አሁንም እሰባብርሃለሁ ይላል።” ይጽፋሉ። ጭንብል ያጠለቀው ወጣ፤ ስለ ስለቱ ጠየቁኝ፤ ስለት የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ወር ላይ፣ ያ የድንበር ክርክር፣ የአባቱ መሬት፣ አሉና የቀረውን ዋጥ አደረጉት። እኔ የፈጠርኩት ነው አልኩ። ለካ የራሴ አባት ታሪክ ነው። እሱንም ነገርኳቸው፤ ጻፉት።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሰናይት ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፤ ሽማግሌዎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ፤ ጋሽ ለማ ደረጃው ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ አስጠበቋቸው። ገብተው ተደረደሩ። አቶ መኩሪያ ቆመው አነበቡ።

“ተከሳሽ በሐሰት አስተርጉሟል፤ ሰነድም አዘጋጅቷል፤ ጥፋተኛ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ማንም አልደወለልኝም፤ ፖስታም አልመጣልኝም። ሦስት ወር ሙሉ ምን እንደምወስን ራሴም አላውቅም ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ውጤቱ ያልተጻፈ መዝገብ ይዞልኝ የመጣ እሱ ነው። ልጄን ፈቅጄለታለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሰናይት እየሮጠች መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እኔም ተከተልኳት።

ከዚያ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ የትግሉ ሰዓት ነው። አቶ መኩሪያ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ከፈቱት፤ ደብተራቸውን አዲስ ገጽ ላይ ገልጠው ክራባታቸውን አስተካከሉ። ራሰ በራው ማይክሮፎኑን ይዞ ይጮሃል።

“ምን ይላል?” አሉኝ።

“እሰባብርሃለሁ ይላል” አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አንስተው ጠበቁኝ።

“እሱን ሦስት ወር ሰምቼዋለሁ። ምን ይላል ነው ያልኩህ።”